ያረጀ ውሻ ቤት ውስጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግቢያችን ውስጥ 13 ዓመት የሞላው ቦቢ የሚባል ውሻ አለ። ሲሰጡን «እናቱ የሀበሻ ውሻ ናት፣ አባቱ ጀርመን ሼፐርድ ነው» ብለውናል፤ ከጆሮው በቀር ግን አባቱን የሚመሰክር ነገር የለውም። ከሦስት ዓመት በፊት የኋላ እግሩ መክዳት ሲጀምር ያልጠየቅነው ሰው አልነበረም። አሁን ደግሞ ተራው የእኛ ሆኖ ጎረቤትም ዘመድም እየደወለ ይጠይቀናል። በብዛት የሚመጡትን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፤ ሐኪም ጋ መሄድ የሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ግን ሳልደብቅ ተናግሬአለሁ።

ውሻ አረጀ የሚባለው በስንት ዓመቱ ነው?

እንደ መጠኑ ነው። እንደ ጀርመን ሼፐርድና ሮትዋይለር ያሉት ትላልቆቹ 7 ወይም 8 ዓመት ላይ ሽማግሌ ናቸው። ትናንሾቹ እስከ 10 እና 11 ዓመታቸው ሲቦርቁ ሊቆዩ ይችላሉ። የሀበሻ ውሻ መካከለኛ ስለሆነ ከ9 ዓመቱ ግድም ጀምሮ አካሄዱን ልብ በሉ። «የውሻ አንድ ዓመት የሰው ሰባት ነው» የሚባለውን ስሌት ግን ብዙ አትመኑት፤ የአንድ ዓመት ውሻ ይወልዳል፣ የሰባት ዓመት ልጅ አይወልድም።

ጠዋት ሲነሳ ይንገዳገዳል፣ ትንሽ ሲራመድ ይስተካከላል። እርጅና ነው ብዬ ልተወው?

አይተውም። እኛም «አርጅቷል» እያልን ስድስት ወር ያህል አሳልፈናል፤ እሱ ግን ያን ጊዜ ሁሉ እያመመው ነበር።

ሰዉ ቁርጥማት የሚለው ዓይነት ነገር ነው። አጥንትና አጥንት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ያለው ለስላሳ ሽፋን እየሳሳ ያልቃል፣ መገጣጠሚያው ይቆጣል፣ ዙሪያው ይደነድናል። ሌሊቱን ተኝቶ ሲያድር ይደርቃል፤ ጥቂት ሲራመድ ይፈታል። ስለዚህ «ሲሄድ ይስተካከላል» ማለት ደህና ነው ማለት አይደለም፤ እንዲያውም የዚህ በሽታ ዋና መለያው እሱ ነው። በብዛት የሚይዘው ዳሌን፣ ጉልበትን፣ የፊት እግር ክርንንና የጀርባ አጥንትን ነው።

ውሻ ሲያመው ይጮኻል ብላችሁ አትጠብቁ። ድንገት ካልረገጡት በቀር እንዲህ ያለውን የቆየ ሕመም ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚሸከመው። እኛ ቤት መጀመሪያ የታየው እግሩ ላይ አልነበረም። ቦቢ የበሩን ምሰሶ ተወው። ዕድሜውን ሙሉ አንድ እግሩን አንስቶ የሚሸናበት ምሰሶ ነበር፤ አንድ ቀን እንደ ሴት ቁጢጥ ብሎ መሽናት ጀመረ፣ እኛም ሳቅንበት። ለካ በሦስት እግር መቆም አቅቶት ኖሯል። ቀጥሎ የፊት እግሩን አንጓ ሲልስ ይውል ጀመር፤ ነጩ ፀጉር በምራቁ ብዛት የዛገ ቆርቆሮ መሰለ። ከዚያ የኋላ እግሮቹ ጥፍሮች ሲሚንቶውን ሲፍቁ መሰማት ጀመሩ። ታፋው ሲዳሰስ ከደረቱ ጋር ሲነጻጸር ቀጥኗል። ልጆች ወገቡን ሲነኩት ዘወር ብሎ አጉረመረመ፤ ያን ደግሞ «ከፋ» አልነው።

ከነዚህ ሁለት ሦስቱን ካያችሁ ሐኪም ይየው። አንድ ምክር፦ ጠዋት ከተኛበት ሲነሳ በስልካችሁ ቪዲዮ ቅረጹት። ክሊኒክ ሲደርስ በፍርሃትና በአዲስ ሽታ ተነቃቅቶ እንደ ቡችላ ነው የሚሄደው፤ ሐኪሙም የሚያየው ያንን ነው።

እኔ የምወስደውን ማስታገሻ ብሰጠውስ?

በጭራሽ። ይሄን ጥያቄ በስልክ ስሰማ እደነግጣለሁ፣ ምክንያቱም ብዙዎቹ የሚደውሉት ከሰጡት በኋላ ነው። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ከየፋርማሲው በቀላሉ ይገኛሉ፤ የውሻ ሰውነት ግን እነዚህን እንደ ሰው ቶሎ አያስወግዳቸውም። ጨጓራውን ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ። ፓራሲታሞል «ቀላል» ስለሚባል ብዙ ሰው ያዘነብልበታል፤ እሱም መጠኑ ካለፈ ጉበት ያበላሻል፣ ደሙንም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። አንዴ ሰጥታችሁት ከሆነ ምልክት እስኪታይ አትጠብቁ፤ ማሸጊያውን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ሂዱ። ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ካስመለሰው ወይም ምግብ እምቢ ካለ ጉዳቱ ጀምሯል ማለት ነው።

ለውሻ የሚሆኑ ማስታገሻዎች አሉ፤ ሜሎክሲካምና ካርፕሮፌን የታወቁት ናቸው። ሐኪሙ በኪሎው ልክ ያዛል፣ ቢቻል ከመጀመሩ በፊት የኩላሊትና የጉበት የደም ምርመራ ያደርጋል፣ መድኃኒቱም ከምግብ ጋር ይሰጣል። እነዚህ ስቴሮይድ ከሚባሉት መድኃኒቶች፣ ማለትም ከዴክሳሜታዞን ወይም ከፕሬድኒሶሎን ጋር በአንድ ላይ አይሰጡም። ስለዚህ ውሻችሁ በቅርቡ መርፌ ተወግቶ ከሆነ የመርፌውን ስም ጠይቃችሁ ጻፉት፤ ሌላ ቦታ ስትሄዱ «አንድ ነጭ መርፌ ወጉት» ማለት ለማንም አይጠቅምም።

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ሊብሬላ ስለሚባለው በወር አንዴ የሚሰጥ መርፌ ትጠይቃላችሁ። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2023 ነው። የረዳቸው ውሾች ብዙ ናቸው። ነገር ግን የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ እንደ መንገዳገድና የሰውነት መንቀጥቀጥ ያሉ የጎንዮሽ ጉዳቶች ሪፖርት እንደተደረጉ ለሐኪሞች በደብዳቤ አስታውቋል። ከሐኪማችሁ ጋር በግልጽ ተነጋገሩበት። ሌላው፣ ጋባፔንቲን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ ነው፤ ለሰው የተዘጋጀው ፈሳሹ ዛይሊቶል የሚባል ማጣፈጫ ሊኖረው ይችላል፤ ዛይሊቶል ለውሻ መርዝ ነው።

ሴራሚኩ ላይ ይንሸራተታል። ምን እናድርግ?

እኔን ብትጠይቁኝ ከመድኃኒት ቀጥሎ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ወለሉ ነው። ጤነኛ ውሻ ሲንሸራተት ጡንቻው ይይዘዋል። የታመመው ግን አራት እግሩ ወደ አራት አቅጣጫ ይሄድበታል፤ ሁለት ሦስቴ ከወደቀ በኋላ መነሳቱን ራሱ ይፈራል። «ሰነፈ» የምንለው ብዙ ጊዜ ወለሉን የፈራ ውሻ ነው።

ቤቱን ሁሉ ማልበስ አያስፈልግም። ከመኝታው እስከ ውሃው፣ ከውሃው እስከ በሩ አንድ መንገድ ሥሩለት። እኛ የተጠቀምነው ከአሮጌ መኪና የወጣ የጎማ ምንጣፍ ነው፤ አይንሸራተትም፣ ይታጠባል፣ ሽንትም አይመጥም። የጨርቅ ምንጣፍ ከሆነ ሥሩ ካልተያዘ እሱ ራሱ ይዞት ይሄዳል። ወለሉን ሰም መቀባት ይቅር። የምግብና የውሃ ሳህኑን ከደረቱ ትንሽ ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ አስቀምጡለት፤ አንገቱ ወይም የፊት እግሩ ለሚያመው ይቀለዋል።

ጥፍሩንም እዩ። አሮጌ ውሻ ብዙ ስለማይሄድ ጥፍሩ በራሱ አያልቅም፤ ሲረዝም ጣቶቹን ወደ ላይ ይገፋና አረጋገጡን ያበላሻል። ቀጥ ብሎ ሲቆም ጥፍሩ መሬት መንካት የለበትም። ስትቆርጡ በየሳምንቱ ከጫፉ ትንሽ ትንሽ ብቻ፤ ጥቁር ጥፍር ውስጥ ያለው ደም ሥር ስለማይታይ በአንዴ አትቁረጡ። ከመዳፉ ሥር በጣቶቹ መሀል የወጣውን ፀጉርም አሳጥሩት።

ሁለት ሦስት ደረጃ ካላችሁ ሰፋ ያለ ጣውላ አጋድማችሁ አሮጌ ምንጣፍ ምቱበት። ቁልቁለቱ ለእናንተ ቀላል መስሎ ከታያችሁ ገና ነው፤ ጣውላው ረዘም ይበል። ቦቢ የእኛን ለአራት ቀን ዞሮ አላየውም። በአምስተኛው ቀን እናቴ ጫፉ ላይ የተቀቀለ ጉበት አስቀመጠች፣ ነገሩ አለቀ።

ውሻ ቤት ውስጥ አናስገባም። ውጭ እያደረ እንዴት ይመቸዋል?

በሃይማኖትም በልማድም ውሻ ከደጃፍ የማያልፍበት ቤት ብዙ ነው፤ የእኛም ከነዚያ አንዱ ነው። በረንዳ ላይም በደንብ መያዝ ይቻላል።

ዋናው ጠላት ሲሚንቶው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማና ከዚያም በላይ ናት፤ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ደረቅ ውርጭ ነው፣ የክረምቱ ደግሞ እርጥበት። የውሻውን ቤት በጡብ ወይም በእንጨት ርብራብ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጉት፣ በሩን ነፋስ ከሚመጣበት አዙሩት። ውስጡ ፍርፋሪ ስፖንጅ የተሞላ ማዳበሪያ አይበቃም። ወፈር ያለ ስፖንጅ በሸራ ተሸፍኖ፣ ከላዩ የሚታጠብ ብርድ ልብስ ይደረግበት። መብቃቱን እንዲህ ፈትኑ፦ በጡጫችሁ አጥብቃችሁ ተጫኑት፤ ወለሉ ከተሰማችሁ የውሻውም ክርን ይሰማዋል ማለት ነው። ክርኑ ላይ ፀጉር አልቆ ቆዳው የደነደነ ውሻ መኝታው መጥፎ ነበር።

ብርድ ባለበት ማታ እጃችሁን ሳያቃጥል የሚሞቅ ውሃ በሃይላንድ ሞልታችሁ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ዳሌው ላይ ለ10 ወይም 15 ደቂቃ ያዙለት። እኛ ቤት ይሄ የአባቴ ሥራ ነው። ዜና እያየ በአንድ እጁ ጠርሙሱን ይዞ በረንዳው ደፍ ላይ ይቀመጣል። ድሮ «ውሻ ነው፣ ይልመደው» የሚለው እሱ ነበር።

ቀን ታስሮ ነው የሚውለው። ችግር አለው?

አለው። መገጣጠሚያ የሚፈታው በመንቀሳቀስ ነው፤ ሁለት ሜትር ሰንሰለት ላይ የዋለ አሮጌ ውሻ ማታ ሲፈታ እንጨት ሆኖ ነው። በሩን ዝጉና ግቢው ውስጥ ፍቱት። እንግዳ ካስቸገረ እንግዳው ሲመጣ ብቻ ይታሰር። በአንገቱ ፈንታ ደረቱን የሚይዝ ማሰሪያ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

በቀን ምን ያህል ይራመድ?

በትንሽ በትንሹ፣ በየቀኑ። 10 ወይም 15 ደቂቃ ጠዋት፣ እንዲሁ ማታ። ሳምንቱን ተኝቶ እሁድ እንጦጦ ማውጣት ሰኞን እንዳይነሳ ያደርገዋል። በማግስቱ ከወትሮው ይበልጥ ካነከሰ ትናንት በዝቶበታል፤ ቀንሱ። ኳስ መወርወር ይቅር፤ ድንገት መቆምና መጠምዘዝ የጉልበቱን ጅማት ሊበጥሰው ይችላል።

ምን ይብላ? ትራፊ ምግብ ይበቃዋል?

መጀመሪያ ክብደቱ። ለሚያም መገጣጠሚያ ከመቅለል የሚበልጥ መድኃኒት የለም። አሜሪካ ውስጥ 48 ላብራዶሮችን ከቡችላነታቸው እስከ ሞታቸው የተከታተለና ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት አለ። ከአንድ እናት የተወለዱትን ሁለት ሁለት እያደረገ፣ አንደኛው ከሌላው ሩብ ያህል ቀንሶ እንዲበላ አደረገ። ቀንሰው የበሉት እኩሌቶቹ ከ13 ዓመት በላይ ቆዩ፤ የሌሎቹ እኩሌታ ዕድሜ 11 ዓመት ከ2 ወር ገደማ ነበር። የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ መጣ። የእናንተን ለማወቅ ሚዛን አያስፈልግም፤ ጎኑን ዳብሱት። የጎን አጥንቱ ሳትጫኑ በጣት መቆጠር አለበት። ፈልጋችሁ ካጣችሁት ወፍሯል።

ትራፊን በተመለከተ የእኛ አገር ትልቁ ችግር ሽንኩርት ነው። ወጥ ያለ ሽንኩርት አይሠራም፣ ሽንኩርት ደግሞ ጥሬም ሆነ የበሰለ የውሻን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል፤ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ። ዕድሜውን ሙሉ ወጥ የነካው እንጀራ ሲበላ የኖረ ውሻ ብዙ ነው፤ «እስካሁን ምን ሆነ?» ትሉኝ ይሆናል። ጉዳቱ ቀስ እያለ ስለሚከማች አሮጌውንና ደካማውን ነው የሚጥለው። ድዱ ከነጣ፣ ሽንቱ ከጠቆረ አትዘግዩ። የውሻውን ድርሻ ሽንኩርቱ ከመግባቱ በፊት አንሡለት፦ ሩዝ ወይም ደረቅ እንጀራ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ካሮት፣ ዱባ፤ ያለ ጨውና ያለ በርበሬ።

ጾም ሲመጣ ውሻውም አብሮ የሚጾምበት ቤት አለ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ያን ያህል ጊዜ በሽሮ ብቻ የከረመ ሽማግሌ ውሻ ያለችውን ጡንቻ ይጥላል፣ ሽሮውም ያው ባለሽንኩርት ነው። ኩላሊቱ ታሞ ሐኪም ካልከለከለው በቀር አሮጌ ውሻ ከጎልማሳው ያላነሰ ፕሮቲን ይፈልጋል። በቀን አንድ ሁለት እንቁላል ብትቀቅሉለት ጾማችሁ አይፈርስም።

ከሉካንዳ የሚመጣ ሳንባና ጉበት መቀቀል አለበት። የበግና የከብት ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይታችሁ ታውቁ ይሆናል። ያንን ጥሬውን የበላ ውሻ ሆዱ ውስጥ ትል ያፈራል፣ እንቁላሉም በሰገራው ወጥቶ ልጆቻችሁን ይይዛል። የተቀቀለ አጥንት ደግሞ አትስጡ፤ ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል። የፋሲካ ማግስት ክሊኒክ የሚጨናነቀው በአጥንትና በስብ ነው።

ግሉኮሳሚንና የዓሣ ዘይትስ?

የዓሣ ዘይት ለመገጣጠሚያው መቆጣት ይረዳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አለ፤ መጠኑን ሐኪም ይንገራችሁ፣ ሲበዛ ያስቀምጣል። የግሉኮሳሚን ማስረጃ ደካማ ነው። ከውጭ ዘመድ በነጻ ካመጣላችሁ ስጡት። ገንዘብ የምታወጡበት ከሆነ ግን እኔ ስፖንጁን እገዛበታለሁ።

በራሱ መነሳት አቃተው። እንዴት ላግዘው?

አሮጌ ነጠላ አራት አጥፋችሁ ከሆዱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ ፊት አሳልፉ፤ ሁለቱን ጫፍ ከወገቡ በላይ ያዙ። አንጠልጥላችሁ አታንሱት፤ ክብደቱን ብቻ ተቀበሉት፣ የሚራመደው ራሱ ይሁን። ወንድ ከሆነ ነጠላው ብልቱን እንዳይጫነው ወደ ፊት ሳብ አድርጉት። ጭራሽ የማይነሳ ከሆነ በየአራት ሰዓቱ ገደማ ጎኑን አገላብጡት፣ ክርኑንና ዳሌውን ለቁስል ፈትሹ፣ ሽንት የነካውን ቆዳ አጥባችሁ አድርቁ።

ድንገት ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ትናንት ደህና የነበረ ውሻ ዛሬ አንገቱን ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ፣ ዓይኑ ወዲህ ወዲያ እየተርገበገበ እየወደቀ ከሆነ ብዙ ሰው «ምች መታው» ወይም «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሰሰ» ይላል። በአሮጌ ውሾች ላይ ብዙ ጊዜ የጆሮ ውስጥ የሚዛን መዛባት ነው፤ ለማየት ያስፈራል እንጂ ብዙዎቹ በሁለት ሦስት ቀን ይሻላቸውና በሁለት ሦስት ሳምንት ይቆማሉ። ሐኪም ይየው፣ ተስፋ ግን አትቁረጡ።

ከሁሉ የሚከፋው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የእግር መዛል፣ የታችኛው መንጋጋ መንጠልጠል፣ ለሃጭ፣ የተቀየረ ድምፅ፣ መዋጥ አለመቻል አንድ ላይ ካያችሁ «አጥንት ተቀርቅሮበታል» ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ እንዳታስገቡ። ለብቻው ዘግታችሁ ሐኪም ጥሩ። የነከሰው ወይም ለሃጩ ቁስሉን የነካው ሰው ቦታውን በውሃና ሳሙና ለ15 ደቂቃ ታጥቦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ ለነገ አይባልም።

እንግዲያው «አርጅቷል» ብዬ ክትባቱን ልተወው?

አትተዉት። በየዓመቱ ይከተብ።

ሌሊት ያለ ምክንያት ይጮኻል፤ ጎረቤት ተቸገረ።

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ ቦቢ ግን የበላበትን ራሱን ረስቶ ለግድግዳው ይጮህ ጀመር። ያረጀ ውሻ አእምሮው ሊደክም ይችላል፦ ጥግ ውስጥ ገብቶ መውጫው ይጠፋዋል፣ በሩን በማጠፊያው በኩል ይጠብቃል፣ ቀን ይተኛል ሌሊት ይዞራል። ከዚያ በፊት ግን ሕመሙን፣ ሽንቱን፣ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። ዓይኑ ሰማያዊ ጉም ቢመስል ታወረ ማለት ላይሆን ይችላል፤ ነጭ ሆኖ ብርሃን የማያስገባው ግን የዓይን ሞራ ነው። እኛን የረዳን ሁለት ነገር ነው፦ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ለሽንት ማውጣት፣ እና በረንዳው ላይ ትንሽ አምፖል አብርቶ ማደር። ዕቃ አታዘዋውሩበት። ጆሮው ከደከመ ደግሞ ከኋላው መጥታችሁ አትንኩት፤ መሬቱን በእግራችሁ መታ አድርጉለት።

ውሃ አብዝቶ ይጠጣል፣ ሽንትም ያመልጠዋል።

ውሃውን አትከልክሉት። ኩላሊት ወይም ስኳር ሊሆን ስለሚችል የሽንትና የደም ምርመራ ይደረግ። እያማጠ ሽንት ጠብ ካላለው፣ ወይም ሆዱ ድንገት ተነፍቶ ሊያስመልሰው እየሞከረ ምንም ካልወጣው በዚያው ሰዓት ይዛችሁት ሂዱ፤ እስኪነጋ አትጠብቁ።

የት ላሳየው?

አዲስ አበባ ውስጥ የግል ክሊኒኮች አሉ፤ አንዳንዶቹ ቤት ድረስ ይመጣሉ። ቢሾፍቱ ላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ክፍለ ሀገር ያላችሁ የወረዳችሁን የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ጠይቁ፤ ብዙ የሚያዩት ከብት ቢሆንም ቁርጥማት ቁርጥማት ነው።

ጊዜው መድረሱን በምን አውቃለሁ?

መጀመሪያ እሱ የሚወዳቸውን አራት ነገሮች ጻፉ። የቦቢ እነዚህ ናቸው፦ የበሩ ድምፅ፣ ጉበት፣ የአባቴ እጅ፣ ረፋድ ላይ የሚመጣው ፀሐይ። ከዚያ ግድግዳ ላይ ባለው ቀን መቁጠሪያ አራቱንም የተወበትን ቀን በመስቀል ምልክት አድርጉ። በየቀኑ የሚያየው ሰው መውረዱን አያስተውልም፤ ወረቀቱ ያስተውላል። መስቀሉ ከባዶው ሲበልጥ ከሐኪም ጋር የሚነጋገሩበት ጊዜ ነው። ሐኪሙ በማደንዘዣ መድኃኒት፣ በእንቅልፍ እንዲያርፍ ማድረግ ይችላል። በምግብ መርዝ የሚሰጥ ጎረቤት ቢመጣ ግን እሺ እንዳትሉ፤ ያ ሞት የሰዓታት ስቃይ ነው። ቤት ድረስ የሚመጣ ሐኪም መኖሩን፣ ዋጋውንና የት እንደሚቀበር ደህና ቀን ላይ ጠይቁ። በዚያ ቀን ስልክ ማንሳት ይከብዳል።

እኛ ቤት በዚህ ወር ሦስት መስቀል አለ። ባለፈው ወር አራት ነበር፤ ዝናቡ ስላባራ ይመስለኛል።